ሦስተኛው መልእክተኛ

አክስቴ ኒዕማ መንግሥት እንዳላት ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድሜ ያወቅሁት እኔ ነኝ። ሰማያዊ መንግሥት ነበር፤ አንድ ከተማ፣ ጥቂት እርሻና ለእርሻው ዘበኛ እንኳን የማይበቃ ጦር። የሚገኘው ሱዳን አገር፣ ካላክላ በተባለው ሰፈራችን፣ ይማም ሱቅ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ባለው ኮምፒውተር ላይ ነው። ንግሥቲቱ ሳምንቱን ሙሉ አል-ጣኢፍ በሚባል ሰፈር በአንድ ሐኪም መኖሪያ ቤት ታጥባለች፣ ትተኩሳለች፣ የሰው ልጆች ታበላለች፤ ጁምዓ ሲደርስ ደግሞ በሳሙና የሻከረ እጇን ቅባት ቀብታ ዙፋኗ ላይ ትወጣለች። ዙፋኑ አንድ እግሩ ተሰብሮ በጡብ የተደገፈ የፕላስቲክ ወንበር ነበር።

እኔ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በየቤቱ ሬዲዮው ስለ ሰላም ድርድር ይለፈልፋል፤ ልዑካን ሄዱ፣ ልዑካን ተመለሱ፣ እንትና አልቀበልም አለ። ይህን ሁሉ ስሰማ ስለምውል በጦርነትና በዕርቅ ጉዳይ ራሴን እንደ ዐዋቂ እቆጥር ነበር። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ዕውቀቴ ነው።

እናቴ ዘሃራ የኒዕማ ታላቅ እህት ናት። ከወሎ አስመጥታ ሥራ ያስገባቻት እሷ ስለሆነች እንደ እናት ትሳሳላታለች፣ እንደ ፖሊስ ትከታተላታለች። ኒዕማ ጁምዓ እኛ ቤት መጥታ ምሳ በልታ፣ ዕቃ አጣጥባ፣ «እስቲ ትንሽ ልናፈስ» ስትል እናቴ ቀና እንኳን ሳትል «ሙኒያን ይዘሽ ሂጂ» ትላለች። ሙኒያ እኔ ነኝ። እኔን ማስከተል ዓይንና ጆሮ ማስከተል መሆኑን ኒዕማ አሳምራ ታውቃለች፤ ስለዚህ ከቤታችን ጥግ እንደታጠፍን መጀመሪያ የምታደርገው ባስታ በሚባል ማር የጠገበ ጣፋጭ አፌን መሙላት ነበር።

«ይማም ሱቅ ገባን ብለሽ ትናገሪያለሽ?»

«አልናገርም።»

«ዋላሂ በዪ።»

«ዋላሂ።»

ቃሌን ጠብቄያለሁ። የይማምን ሱቅ ስም ለእናቴ አንድም ቀን አልተነፈስኩም።

ይማም ከበሩ መቃን የረዘመ ልጅ ነበር። የገዛ ሱቁ ነው፣ በየቀኑ ይገባበታል ይወጣበታል፤ ግን በየቀኑ ግንባሩን ይመታል። ስልክ ያስደውላል፣ ወረቀት ያባዛል፣ በቀረው ኮምፒውተር ሰው ያጫውታል። በዚያ ሰሞን ሱቁን የሞላው ልጆቹ «መማሊክ» የሚሉት ጨዋታ ነበር፤ መንግሥታት ማለት ነው። የጥንት ነገሥታት ካርታ ላይ ይቀመጣሉ፣ በየተራ አንድ አንድ ሥራ ይሠራሉ። አንዱ ተራውን ሲጨርስ የሚጫናትን ቁልፍ ሁሉም «ያላ» ይላታል። ያላ ከተጫንክ የተሠራው ተሠራ፣ መመለስ የለም።

በጨዋታው አዲስ እትም ላይ የሱቁ ሰው ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ከተቃዋሚዎቹ በኩል ዋናው ጋሼ ቀጸላ ነው። ድሮ አገር ቤት የታሪክ አስተማሪ የነበረ፣ በፖለቲካ ተሰዶ የመጣ ሰው ነው፤ በዚያ ሙቀት ኮት ሳይለብስ አይወጣም። ዜና ሊያነብ ይመጣና ሲሳደብ ይውላል።

«ይሄ መንግሥት ነው?» ይላል፣ በሰው ትከሻ ላይ ተንጠራርቶ። «የፊተኛውን እትም አውቀዋለሁ። ግብር ነበረው፣ ዳኛ ነበረው፣ ሹመትና ሽረት ነበረው። እህልህን ነቀዝ ይበላዋል፣ የወንድምህ ልጅ ይሸፍትብሃል። አዲሱን ግን ላጩት! ዝራ፣ ገንባ፣ ዝመት፣ መልእክተኛ ላክ፤ አለቀ። በአራት ነገር አገር ይቆማል?»

«ጋሼ ቀጸላ፣ የፊተኛው እኮ ግብሩ ሳይሰበሰብ መብራት ይሄድ ነበር» ይለዋል ይማም። «ዋላሂ አንድ ሰው ሲያሸንፍ አይቼ አላውቅም። ይሄ ከዌስ ነው፣ ጥሩ ነው። ትጠይቃለህ፣ እሺ ወይ እምቢ ይሉሃል፣ ኻላስ፣ አለቀ። መንዛዛት የለም።»

«መንዛዛት የሌለበት መንግሥት ጓሮ ነው!»

ኢስሐቅ የሚባል ሱዳናዊ ተማሪ ደግሞ ሙዚቃው ጥሩ ነው፣ ፈረሶቹ ግን ፍየል ይመስላሉ ብሎ የራሱን ይጨምራል። ኒዕማ ወደዚህ ክርክር የገባችው ወሎ ልትደውል መጥታ፣ መስመር እስኪገኝ ባዶ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ነው። ትንሽ እንዳየች «ንጉሥ የሚልከው ሰው ለምን ባዶ እጁን ይመጣል? ለምንስ ብቻውን?» አለች። ጋሼ ቀጸላ ባርኔጣውን አንስቶ እጅ ነሳት። ከዚያ ጁምዓ ጀምሮ ሰማያዊው መንግሥት የሷ ሆነ፤ ቀዩ የይማም ነበር።

ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነው። ቀይና ሰማያዊ ጎረቤት ከሆኑ ጠላት ናቸው። ኒዕማ ከተማዋን ስትሠራ ይማም በየደቂቃው አንገቱን አስግጎ ያያታል፤ ሲሰልላት ነው አልኩ። ኒዕማም ይማም ሲያያት ጎንበስ ብላ ሻሿን ታስተካክላለች፤ ምስጢር መደበቋ ነው አልኩ። እኔም ባንኮኒው አጠገብ ቁጭ ብዬ የተቆላ ፍሬ፣ ተስሊዬን፣ እየፈለፈልኩ የቀዩን ወታደሮች እቆጥርላታለሁ።

አንድ ጁምዓ ይማም መልእክተኛ ላከ። መልእክተኛው አህያ ላይ የተቀመጠ ትንሽ ሰውዬ ነው፤ ቱክ ቱክ እያለ ካርታውን አቋርጦ የኒዕማ ከተማ በር ላይ ቆመ። እንተባበር፣ በመካከላችን ያለው ድንበር ይፍረስ ማለቱ ነው። ኒዕማ ሰውዬውን ትክ ብላ አየችው፤ ከዚያ እምቢታውን ተጫነች። ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ።

«ጠይብ» አለ ይማም ከባንኮኒው ኋላ። «ኻላስ፣ ማዓሌሽ፣ ምንም አይደል።» ስንዴውን ሊዘራ ተመለሰ።

ኒዕማ ወንበሯን ይዛ ዞረች። «ኻላስ?»

«እምቢ አልሽ፤ ምን ላድርግ?»

«መልእክተኛህ በሩ ላይ በቅጡ እንኳን አልቆመም! ሰው አንዴ እምቢ ሲባል ትቶ ይሄዳል?»

«አንዴ ነው የሚጠየቀው። እሺ ከሆነ እሺ፣ እምቢ ከሆነ እምቢ። እኔ ጨዋታውን የምወደው ለዚህ ነው።»

«እኔ የማልወደው ለዚህ ነው!»

ጋሼ ቀጸላ ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ። «እኔስ ምን አልኩ? ደጅ ጥናት የለው፣ አማላጅ የለው! ላጩት አላልኩም?»

ኢስሐቅ ግን ማንም ሳይጠይቀው የጨዋታውን ሕግ አስረዳ፤ እምቢ የተባለ መልእክተኛ እንደገና መላክ ይቻላል፣ ሦስት ጊዜ እምቢ ከተባለ ግን ጨዋታው ራሱ ጦርነት ያውጃል። እኔ የቀዩን ጦር ቆጥሬዋለሁ፤ ኒዕማ ከሦስተኛው እምቢታ በኋላ አንዲት ሌሊት አታድርም።

ያን ዕለት ያልገባኝን ኒዕማ ራሷ ካደግሁ በኋላ ነገረችኝ። ይማም ከዚያ በፊት በመልእክተኛ ሳይሆን በገዛ አፉ ጠይቋት ነበር፤ ስልክ ልትደውል በመጣችበት ባንኮኒው ላይ ተደግፎ «ላግባሽ?» ብሎ። እሷም «ለእኔ ለምን ትነግረኛለህ፣ ሰው የለኝም?» አለችው። ከዚህ የበለጠ ሽማግሌ ላክ የሚል ንግግር በወሎ ምድር የለም። ይማም ግን ሕፃን ሆኖ ድንበር የተሻገረ፣ ገዳሪፍ ከተማ ያለ እናት ያደገ ልጅ ነው፤ የገሠጸችው መስሎት ቀልጠፍ ብሎ ይቅርታ ጠየቃት። በሚቀጥለው ሳምንት ስትመጣ «እህቴ፣ እንደምን ነሽ?» አላት። «እህቴ ሲለኝ ኮምፒውተሩን አንስቼ ልወረውርበት ነበር» ትላለች ኒዕማ እስከ ዛሬ።

ማታ እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ትጠይቀኛለች።

«የት ዋላችሁ?»

«ስንናፈስ።»

«እሺ። ሌላስ?»

ሌላ የምናገረው ስላጣሁ ተረት እነግራታለሁ። ቀይ ንጉሥ ነበር፣ ሰማያዊ ንግሥት ነበረች፣ ንጉሡ ባለ አህያ ሰውዬ ላከ፣ ንግሥቲቱ እምቢ አለች። የሱቁን ነገር አላነሳሁም፤ ዋላሂ ብያለሁ።

«ንጉሡ ረዥም ነው?» አለች እናቴ።

«በጣም። በር ላይ ግንባሩን ይመታል።»

«እምቢ ሲባል ምን አደረገ?»

«ኻላስ ብሎ እርሻው ገባ።»

ቢላዋው ቆመ። «ትቶ? እንዲህ በቀላሉ? ወይ አላህ! ይሄንን ንጉሥ ማን ነው ያሳደገው?»

ተረት የሚወድ ልጅ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እናቴ ግን ከዚያ ወዲህ ጁምዓ ማታ ሥራዋን ሁሉ ትታ ስለ ቀዩ ንጉሥ ትጠይቀኝ ጀመር። ይሰግዳል ወይ? ያጨሳል ወይ? ሰው ሲሳደብ ሰምተሽዋል ወይ? ለአንድ ተረት ይህ ሁሉ ጥያቄ ምን እንደሚያደርግላት ባይገባኝም፣ የማውቀውን ሁሉ ሳልሰስት መለስኩላት።

ብዙም ሳይቆይ እናቴ አንድ ምሽት ኒዕማ ዕቃ ስታጥብ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ጅዳ ያለ ሰው ጠይቆሻል» አለቻት። «ቤት ያለው፣ መኪና ያለው ነው። መልስ ይፈልጋል።» ኒዕማ አንዱን ድስት ደጋግማ አጠበችው። ማታ እናቴ ለአባቴ «ይሄ ነገር በጊዜ ካላለቀ ልጅቷ ትሄዳለች» ስትለው ሰማሁ። አባቴ ዛኪር ሾፌር ነው፤ ዝምተኛ ነው፤ «ኢንሻአላህ ያልቃል» አለ።

ይሄ ነገር የተባለው ምን እንደሆነ ማንም ሊነግረኝ አላስፈለገም። የሁለቱ መንግሥታት ነገር ነዋ! ኒዕማ ከተሸነፈች መንግሥቷን አጥታ ወደ ጅዳ ትሰደዳለች። ጅዳ የት እንደሆነች አላውቅም፤ ከሰፈራችን ወደዚያ የሄዱት ግን አንዳቸውም ሲመለሱ አላየሁም። ኒዕማን እወዳት ነበር፤ ፀጉሬን ሳታሳምመኝ የምትሠራኝ እሷ ብቻ ነበረች። ትራሴ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

በቀጣዩ ጁምዓ ኒዕማ ስልክ እያናገረች ሳለ ባንኮኒው ዘንድ ሄጄ የይማምን እጅጌ ጎተትኩ።

«ከተማዋን አትውሰድባት። ከወሰድክባት ጅዳ ትሄዳለች።»

«ማን ናት ጅዳ የምትሄደው?»

«ኒዕማ። ሰውዬው መኪና አለው።»

ይማም ማውሱን እንደያዘ ቀረ። ስንዴው ደርሶ ነበር፣ አላጨደውም፤ ተራው አለፈው። ኢስሐቅ «ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ እህልህ እኮ እየረገፈ ነው!» ብሎ ጮኸበት። ኒዕማ መጥታ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ባለ አህያው ሰውዬ ቱክ ቱክ እያለ መጣ። ሁለተኛው ነው። ኒዕማ ሳትቸኩል አየችውና እምቢ አለች። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ኻ...» አለ ይማም። ኒዕማ ቀና ብላ አየችው። ቃሉን ዋጠው።

«እና» አለ ቀስ ብሎ «እምቢ ከተባለ... ሰውዬው ተመልሶ ይመጣል?»

«ብቻውን ከሆነ አይምጣ» አለች ኒዕማ፣ ስክሪኑን እያየች። «ትልቅ ሰው ይዞ ይምጣ። የሚመጣበትን ቤትም ይወቅ።»

ጋሼ ቀጸላ ጋዜጣውን አጠፈ፣ ኮቱን ቆለፈ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ሦስተኛውን» አለ «እኔ ራሴ እሄዳለሁ።»

ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስለዚህ በሚቀጥለው ጁምዓ፣ ከሶላት በኋላ፣ ጋሼ ቀጸላ ከሐጂ ሙሐመድአወል ጋር ደጃችን ሲቆም ለምን እንደመጡ ከእኔ በቀር የሚያውቅ ያለ አልመሰለኝም። ሐጂ የሰፈራችን ትልቅ ሰው ናቸው፤ በሸመገሉበት ሁሉ ይታመናሉ። ጋሼ ቀጸላ ጫማውን አስጠርጎ፣ ከራቫት አስሮ ነበር። አባቴ «ግቡ፣ ተቀመጡ» አላቸው።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ ጋሼ ቀጸላ። ይህን ለማለት ስንት ዓመት ሲጠብቅ እንደኖረ ያስታውቃል። ከዚያ ንግግር ጀመረ። ስለ አገር አወራ፣ ስለ ዘር አወራ፣ ስለ ስደት አወራ። ሐጂ አንዴ በክርናቸው ጎሸም አደረጉት፤ እሱ ግን ያገኘውን ወግ በቶሎ ሊለቅ አልፈለገም። በመጨረሻ «ለልጃችን ለይማም ልጃችሁን ለኒዕማ ብለን ነው» አለ።

እናቴና ኒዕማ ከመጋረጃው ኋላ ነበሩ። አባቴ ወደ መጋረጃው ሰረቅ አድርጎ አየና ያጠኑትን አነበነበ፤ ልጅቷ ገና ናት፣ አገር ቤት ያሉ ዘመዶች አልተጠየቁም፣ ሌላም የጠየቀ ሰው አለ፣ ለዛሬ አይሆንም።

እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ከመንገዱ ማዶ፣ ኒም ዛፉ ሥር፣ መንገደኛ ውኃ የሚጠጣባቸው የሸክላ ጋኖች አሉ፤ ይማም እዚያ ቆሞ ነበር። ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን ወደ ውጭ ሲያዞሩ አየ። የያዘውን ጣሳ ጋኑ ላይ አስቀመጠ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ከዚያ ሀፍላ ወደሚባለው ሚኒባስ ማቆሚያ መራመድ ጀመረ።

ጦር ሊያመጣ ሄደ!

«እምቢ አትበሉ!» ብዬ በሩን በሁለት እጄ ዘጋሁት። «ሁለቴ እምቢ ብላዋለች፤ ይሄ ሦስተኛው ነው! ሦስተኛው እምቢ ከተባለ ጦርነት ነው!»

አባቴ አፉን ከፈተ። «ሁለቴ? መቼ? የት?»

«ይማም ሱቅ!» አልኩና አፌን ያዝኩ። ለካስ ዋላሂው ለእናቴ አልናገርም ብቻ ነው፤ ስለ አባቴ የማልኩት የለም ብዬ ወዲያው ራሴን አጽናናሁ። «ኮምፒውተሩ ላይ። በአህያ ነው የላከው።»

ከመጋረጃው ኋላ አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ።

«በአህያ?» አሉ ሐጂ።

ጋሼ ቀጸላን ያን ጊዜ ነበር ማየት። ያን ጨዋታ ጓሮ ሲል፣ የተላጨ ሲል የከረመ ሰው ከራቫቱን አጥብቆ ወደ አባቴ ዞረ። «ልጅቷ የምትናገረው እውነት ነው። እኔ ምስክር ነኝ። ሁለት ጊዜ ተልኮ፣ ሁለት ጊዜ በአደባባይ እምቢ ተብሏል። በወጉ መሠረት ሦስተኛው ላይ ነን።»

«ኧረ ጋሼ፣ ማሽን ላይ የተባለ እምቢታ እንዴት ይቆጠራል?» አሉ ሐጂ።

«እምቢታ እምቢታ ነው፣ ሐጂ! የልጅቷ እጅ አይደለም የተጫነው? የእናቴ እጅ ነው?»

«አህያውስ?»

«አህያው ምን አደረገ? ደርሶ ተመልሷል!»

አባቴ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን እያየ መሐል ቆመ። መጋረጃው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እናቴ የተቆጣች መስሎኝ ነበር፤ ድምፅዋ ሲወጣ ግን በሳቅ የታፈነ ነበር።

«ዛኪር፣ ሰዎቹን አስቀምጣቸው።»

አስቀምጣቸው ማለት ተቀብለናል ማለት መሆኑን ያወቅሁት ከሁለቱ ሽማግሌዎች ፊት ነው። ጋሼ ቀጸላ እንዳንድ ሹም ቀስ ብሎ ተቀመጠ። እናቴ የመጋረጃውን ጫፍ ገልጣ በዓይኗ ጠራችኝ።

«አንቺ፣ ያንን ልጅ ሮጠሽ ያዥው፤ ይሄኔ ዐማራት ሰፈር ደርሷል።»

ሮጥኩ። ይማምን ያገኘሁት አንድ እግሩ ሀፍላው ላይ ሳለ ነው። ሸሚዙን ከኋላ ይዤ ጎተትኩት፤ ቀና ሲል ግንባሩን በሀፍላው በር መታ።

«ተቀበለች!» አልኩት።

«ማን?»

«ሰማያዊዋ!»

ሰው መሐል መንገድ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው። ተሸንፎ ነው አልኩ። አሳዘነኝ፤ ኪሴ ውስጥ ከነበረው ባስታ ግማሹን ሰጠሁት።

የይማም ሱቅ ዛሬ የለም፤ ሰፈሩም እንደዚያ የለም። ኒዕማና ይማም ካይሮ ናቸው፤ በር የማይበቃቸው ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው። እናቴ ኮምቦልቻ ገብታለች። ባለፈው ዓመት ልጠይቃት ሄጄ ያን ጁምዓ አንስተን ስንሳቅ ዋልን። ከተረቴ ምን ያህሉን ታምኝ ነበር ብላት «የትኛው ተረት?» አለች። «ሳምንቱን ሙሉ የምጠብቀው ወሬዬን እንጂ። ከአንቺ ጋር የምልካት ለምን መሰለሽ?» ከዚያ ለብዙ ዓመት ሆዴ ውስጥ የኖረ ጥያቄ ትዝ አለኝ። ያ ሰው መኪና ነበረው፣ ቤት ነበረው፣ መልስ ይፈልግ ነበር፤ አባቴ እንኳን ደጅ ለመጡ ሽማግሌዎች ተናግሮለታል።

«እማ፣ የጅዳው ሰውዬ ምን ሆነ?»

እናቴ መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ጠራረገችው።

«ምን ይሆናል» አለች። «ስም ላወጣለት ሳስብ ሽማግሌዎቹ ደረሱ።»